የመምህር ነስሩ የእምቢታ ደብዳቤ

ሥራ የጀመርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልንም ዲፕሎማዬንም በማታ ጨርሼ፣ ካዛንቺስ በነበረው የወጪ መጋራት ክፍል ጀማሪ የማኅደር ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። የቡድን መሪያችን አቶ ታምሩ የመጀመሪያውን ቀን የወረቀት መብሻ፣ የቀን ማኅተምና አንድ ትልቅ መዝገብ አስፈርመው አስረከቡኝ። ሥራውን ያስረዱኝ ባጭሩ ነው። ለባለጉዳይ የምንሰጠው ወይ ክሊራንስ ወይ ቀጠሮ ነው አሉኝ።

ለማያውቅ ላስረዳ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የትምህርቱን ወጪ በከፊል ሊመልስ ውል ይፈርማል። ብዙው ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። በአገልግሎት ለመክፈል የተዋዋለ መምህር ግን የውሉን ዘመን አስተምሮ ነፃ ይወጣል። ይህ መብት እንጂ ችሮታ አይደለም። የእኛ ድርሻ የአገልግሎት ደብዳቤውን ከማኅደሩ ጋር አመሳክረን ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ክሊራንስ መጻፍ ነበር። ያለ ክሊራንስ ዩኒቨርሲቲው ኦሪጅናል ዲግሪም ሆነ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይለቅም።

ከዓመታት በኋላ ከፍተኛ የማኅደር ባለሙያ ሆንኩ። ማኅደሮቹ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጡ አብዛኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሷ አትሳሳትም ይባል ነበር። ከሚሉት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ካዛንቺስ ሲፈርስ ማኅደሮቹን በጆንያ ጭነን ወደ ወሎ ሰፈር ተዛወርን። መምህር ነስሩን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ገጠር ወርደው ፊዚክስ ሲያስተምሩ የውላቸውን ዘመን ጨርሰዋል። ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት አግኝተው ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ወደ መስኮታችን ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር፤ ቀኑም ረቡዕ።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ቤዛ የምትባል ወጣት ናት። የእሳቸውን ስም ስታስገባ ስክሪኑ ላይ በቀይ «አገልግሎቱ አይያዝም» የሚል ይወጣል።

«መምህር፣ ሲስተሙ እኮ ነው እምቢ ያለው። እኔ በቃ ምን ላድርግ? ሰኞ ብቅ ይበሉ።»

«እምቢ ያለበትን ምክንያት ጽፋችሁ ስጡኝ።»

«እሱ አይጻፍም።»

«ታዲያ ምን ይዤ አቤት ልበል? የአንቺን ፊት?»

ወረፋው ሳቀ። ቤዛም ሳቀች። መምህሩ አልሳቁም።

ነገሩን ይዤ አቶ ታምሩ ዘንድ ገባሁ። ክፍሉ ከተቋቋመ ወዲህ እምቢታ በጽሑፍ ሰጥቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ሰውየው ደብዳቤውን ይዞ ፍርድ ቤት ቢሄድስ ብለው ጠየቁኝ። ቢሄዱም መብታቸው ነው አልኩ።

«አንቺ ደግሞ መጽሐፍ አበዛሽ» አሉኝ። «ካልሽ ጻፊው። ፊርማውም ያንቺ ይሁን።»

ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። «ያቀረቡት የአገልግሎት ማስረጃ ተቀባይነት ያላገኘው» እስከሚለው ድረስ ችግር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ምክንያት ያስፈልጋል። የምረቃውንና የአገልግሎቱን ቀን አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ «ማስተማር የጀመሩት ከመመረቅዎ ሰባት ዓመት በፊት በመሆኑ ነው።» ከምረቃው ዓመት ወደ ኋላ ክፍል በክፍል ቆጠርኩ። በዚህ አያያዝ መምህር ነስሩ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ማስተማር የጀመሩት ራሳቸው ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ነው።

የወረቀት ማኅደሩን ከጆንያ አወጣሁ። ዩኒቨርሲቲው የተመራቂዎቹን ዝርዝር የላከው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ በእኛ ነው። ምረቃውን ያስገባው ሠራተኛ ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ሳይመልስ እንዳለ ገልብጦታል። ኮምፒውተሩ ላይ ከመዝገቡ ግርጌ ያለው የሠራተኛ መለያ ቁጥር የእኔ ነው።

አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት መምህር ሄጄ የተመራቂዎቹን ዝርዝር ስገለብጥ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣

«ዝርዝሩ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ?» አሉኝ።

ይህን አላሰብኩም ነበር።

የማረሚያ ማስታወሻ ጽፌ አቶ ታምሩ ፈረሙበት። ሐሙስ ከምሳ በፊት ክሊራንሱ ወጣ። መምህር ነስሩ ስማቸውን፣ ቀኑንና ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አንብበው ሄዱ። አላመሰገኑኝም፤ የሚያመሰግኑበትም ነገር አልነበረም። ዓርብ ከሰዓት ደውለው መመዝገባቸውን ነገሩኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አረምኩት። ከመምህራኑ አንዳንዶቹ ቀደም ብለው መጥተው፣ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው፣ በዚያው ቀርተዋል። ምክንያቱን በጽሑፍ የጠየቀ አልነበረም። ለአንዷ ደውዬ ክሊራንሷ መዘጋጀቱን ነገርኳት። ትምህርቱን የፈለገችው ያኔ እንደነበር፣ አሁን ሁለት ልጆች እንዳሏት ነገረችኝ። ወረቀቱን ግን መጥታ ወሰደች።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። መስኮት ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ባለጉዳይን ስትከለክሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡት። እሱ አቤት ይልበታል። እናንተም ስትጽፉት ታነቡታላችሁ።