የወይዘሮ በለጡ የቁም ተዝካር

ወይዘሮ በለጡ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን የረገጡ ሴት ናቸው። ሌላ ሰው የሰፋውን ልብስ ጎትተው ካልሞከሩት አያምኑም። ሰውንም ቢሆን እንደዚያው ነበር የሚሞክሩት።

እንዲህ የሆኑት ያለ ነገር አይደለም። በ1984 ዓ.ም. ባለቤታቸው አቶ አባይነህ ሲሞቱ፣ የሟች ወንድሞች «ተዝካሩን እኛ እናወጣለን፣ አንቺ አታስቢ» ብለው ማሉ። አርባው አለፈ፤ ሙት ዓመቱም አለፈ፤ ጠላ እንኳ አልተጠመቀም። የሞተ ተጎዳ የሚባለው ይኼ ነው። በኋላ ራሳቸው ተሯሩጠው ቢያወጡም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ነፍሱ የት ቆማ ይሆን እያሉ መብሰልሰላቸው አልቀረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ «እኔ አለሁልሽ» የሚላቸውን ሁሉ በጎሪጥ ማየት ጀመሩ።

አንድ ልጃቸው ዮሐንስ ደግሞ ለሥራ ድሬዳዋ ሄዶ ጴንጤ ሆነ። ጴንጤ ለሙት እንደማይጸልይ ያውቃሉ። ስለዚህ በ2001 ዓ.ም. «ተዝካሬን በቁሜ አወጣለሁ» ብለው ተነሡ።

«አላህ ሳይጠራሽ አንቺ ልትቀድሚ?» አለች ጎረቤታቸው ነጂባ።

«ከጠራኝ በኋላማ ማንን አምኜ?»

ድንኳን ተተከለ። የነጂባ ባል ለእስላም ጎረቤቶች ለብቻ ፍየል አረደ። ቄሶቹ ዳዊት ሲደግሙ ወይዘሮ በለጡ የራሳቸውን ዳዊት ገልጠው በጣታቸው ይከተሏቸው ጀመር። ከዚያ የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደ ጊዮርጊስን ጠቀስ አደረጓቸውና «አባቴ፣ ሁለት መዝሙር ተዘሏል» አሏቸው።

ሽማግሌው ቄስ መነጽራቸውን አወለቁ። «በለጡ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔርንም ስፌቱን ጎትተሽ ልታይበት ነው?»

ደንግጠው ዳዊታቸውን ዘጉ። መንግሥተ ሰማያትን ተስፋ ሲያደርጉ የኖሩት፣ በሯን የሚከፍተውን ጭምር እየጠረጠሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዮሐንስ ሳይጠሩት መጣ። የሚወርሰውን ቤት ሊያይ ነው አሉ በሆዳቸው። እሱ ግን የእንግዶቹን እጅ ሲያስታጥብ፣ ወንበር ሲያነሣ ቆይቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«ስሞት ፍትሐት ታስፈታልኛለህ?» አሉት። ከእሱ በፊት የጠየቁት ዕድርተኛ ሁሉ «ምን ጥያቄ አለው፣ እማማ» ብሎ ምሎላቸዋል።

«አላስፈታም፣ እማዬ» አለ ዮሐንስ። «የማላምንበትን አደርጋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ግን መንግሥተ ሰማያት ስደርስ መጀመሪያ የምፈልገው አንቺን ነው።»

ትክ ብለው አዩት። ሊያስደስታቸው ቢፈልግ ኖሮ አንድ «እሺ» ይበቃው ነበር። በፊተኛው ቃሉ እያዘኑ፣ የኋለኛውን ያለ አንዳች ጥርጥር አመኑት።