መድኃኒቱን ያበላሹት እትዬ ሙሉነሽ አይደሉም

እትዬ ሙሉነሽ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፉ። ወራት ያሠቃያቸው የኩላሊት ሕመም ወሰዳቸው። ረቡዕ ቀበርናቸው። ቀብሩ ላይ ሃያ ሰው አንሞላም ነበር። አምና ቢሆን ሰፈራችን ካርቲየ 4 በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ይወጣላቸው ነበር፤ እሳቸው ማራገቢያውን ወይም ስልኩን ያልጠገኑለት ማን አለና! ሰው ለምን እንደቀረ አውቃለሁ። የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ለምታውቋቸው ሁሉ።

«ያቺ ሐበሻ የሠራችው ዕቃ የባልባላን በሽተኞች መድኃኒት አበላሸ» ሲባል ሰምታችኋል። እኔም ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ዝም ብያለሁ። ስማቸው እንዲህ ጎድፎ አፈር ሲለብስ ቆሜ አየሁ። ከእንግዲህ ግን አልችልም።

እትዬ ጅቡቲ የገቡት በሰው ቤት ሠራተኝነት ነው። አሠሪያቸው የመርከብ ሬዲዮ ይጠግኑ ስለነበር፣ እትዬ ጠረጴዛውን ሲወለውሉ እያዩ፣ ኋላም እየጠየቁ ሙያውን ለቀሙት። እኔን ያገኙኝ ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የመን ልሻገር መጥቼ ታምሜ የሱቃቸው ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነበር። «ባሕሩ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ብዪ» አሉኝ። በላሁ፤ በዚያው ቀረሁ። መበየጃ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመኖሪያ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ የለኝም።

ያ ዕቃ እንዲህ ነው። ከከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር ያለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ የስኳር በሽተኞቿን ኢንሱሊን የምታስቀምጠው በአንድ ፍሪጅ ነው። በሙቀቱ ወራት መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል፤ መድኃኒቱም ይበላሻል። እትዬ በባትሪ የሚሠራ፣ የፍሪጁን ሙቀት በየሰዓቱ ለነርሷ ለማዳም ፋጡማና ለእኛ በስልክ የሚልክ መሣሪያ ሠሩ። ባትሪው ለወራት እንዲበቃ ውስጡ ያለችው ቺፕ ትተኛለች። በየሰዓቱ ነቅታ ትለካለች፣ ቁጥሩን በሽቦ መልእክቱን ወደ ስልካችን ወደሚያደርሰው ሞደም ትልካለች፣ ተመልሳ ትተኛለች።

መልእክቱ ግን ተበላሽቶ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያው ላይ ምንነቱ የማይታወቅ ፊደል አለ፤ መጨረሻው ይቆረጣል። «18» ዲግሪ የነበረው ስምንቱ ተቆርጦ «1» ሆኖ ይደርሳል። እኔ ሽቦ ቀየርኩ፣ ብየዳውን ደጋገምኩ፣ ተሳደብኩ። ሱቅ አምጥተን ላፕቶፑ ላይ ስንሰካው ደግሞ ምንም የለበትም! «ኧረ ይሄ ነገር ድግምት አለበት» አልኩ።

እትዬ ሳቁብኝ። «አንቺ ቅብጥብጥ! የላፕቶፑ ገመድ ቺፗን እንዳትተኛ እያደረጋት ነው። አለቃ ፊቱ ቆሞ የሚተኛ ዘበኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ገመዱን ነቅለን ብንጠብቅ እውነትም ብልሽቱ መጣ። የመጀመሪያውን ችግር ያን ዕለት ፈቱት። «ከእንቅልፉ የነቃን ሰው ወዲያው አታናግሪው፤ ፊቱን ይታጠብ» ብለው፣ ከነቃች በኋላ ጥቂት እንድትቆይ አደረጉ። የመልእክቱ መጀመሪያ ጠራ። የመጨረሻው መቆረጥ ግን አልለቀቀንም፤ ሳንፈታው ሕመሙ ጸናባቸውና ሆስፒታል ገቡ።

አሁን የእኔ ነገር ይምጣ። ቸኮልኩ። ሳላማክራቸው ቺፗ ጨርሶ እንዳትተኛ አድርጌ መሣሪያውን ጤና ጣቢያው መለስኩት። መልእክቱ ሙሉ ሆኖ መጣ፤ በራሴ ኮራሁ። ለወራት ይበቃ የነበረው ባትሪ በስድስተኛው ቀን አለቀ። ዓርብ ነበር፤ እዚህ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ጤና ጣቢያው ዝግ ነው። መልእክት ሲቋረጥ «ኔትወርክ ነው» ብዬ ተኛሁ። መብራት ጠፋ፤ ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ ሞቀ። ኢንሱሊኑ በሙሉ ተጣለ። መድኃኒት ያጡ አንድ አዛውንት ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። በፈጣሪ ቸርነት ተረፉ።

እትዬ ከሆስፒታል በወጡ ማግስት ማዳም ፋጡማ መሣሪያውን ይዘው በሶማልኛም በፈረንሳይኛም እየጮኹ ሱቅ ገቡ። «ማነው የነካው? ማነው?»

እኔ የያዝኩት ብየዳ ላይ አጎነበስኩ። እትዬ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ነኝ። ሥራው የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ።»

ማዳም ፋጡማ ሲወጡ እትዬ እግር ላይ ወደቅኩ። «ተነሺ ወዲያ!» አሉኝ። «አንቺን ቢከሱሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ወረቀት ነው። በማግስቱ ድንበር ላይ ነሽ። እኔን ምን ያደርጉኛል?»

ያደረጉማ አደረጉ። ሱቁ ጭር አለ። ሰላምታ የሚነፍጋቸው ጎረቤት እንኳ ነበር። እትዬ ግን አንድም ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። ዳግመኛ ሆስፒታል ገብተው አልጋ ላይ ሆነው የመጨረሻውን ችግር አገኙት። «መላክ ጀመርኩ ማለትና ላክሁ ማለት አንድ ነው እንዴ? ፊደሉ በሽቦው ሄዶ ሳያልቅ ነው ቺፗን የምናስተኛት። እስክትጨርስ ጠብቂያት» አሉኝ። አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ ዳነ። ይዤው ባልባላ ሄድኩ። ማዳም ፋጡማ «የዚያች ሴት ዕቃ እዚህ አይገባም» ብለው በሩን ዘጉብኝ። ይህን ልነግርዎ አልቻልኩም። «ተቀበሉት» አልኩዎት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ «ፍሪጁ ዛሬ ስንት ዲግሪ ነው?» ይሉኝ ነበር። ስልኬን አየት አደርግና «አራት ነው፣ እትዬ» እልዎታለሁ። «እሰይ» ብለው ዓይንዎን ይከድናሉ። ማክሰኞ ጠዋትም ጠይቀውኛል።

አራት አልነበረም፣ እትዬ። መሣሪያው ሱቃችን መደርደሪያ ላይ ነው።

ነገ ባልባላ እሄዳለሁ። የነካሁት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ወረቀትም ይጠይቁኝ፤ ድንበርም ይውሰዱኝ። ዕቃውን ባይቀበሉኝም ስምዎን መልሰው ይቀበሉኝ። እርስዎ ግን ይህን አይሰሙም። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ፤ ዋሽቼ ነው የሸኘሁዎት።