ለሰባተኛው ዓመት የተጠየቅኩት በሬ

ዕዳዬን ከፍዬ በጨረስኩበት ቀን የሥራ ባልደረቦቼ «ጋብዢን» አሉኝ።

የምሬን ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ፣ የብድር ማኅበራችን ጸሐፊ የመጨረሻውን ደረሰኝ ሲሰጠኝ ያዩ አራት አምስት መምህራን አጨበጨቡልኝና ወዲያው «ታዲያ ይሄ በደረቁ ሊታለፍ ነው?» ብለው ከበቡኝ። አንደኛዋ፣ ደመወዟ ገና ሳይመጣ በብድር የሚያልቅባት፣ «ለእንዲህ ያለ ቀን ካልሆነ ለመቼ ነው?» አለችኝ። ከዕዳ የወጣን ሰው ያንኑ ቀን መልሶ ዕዳ ውስጥ በመክተት ደስታውን የሚገልጽ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ይኖር ይሆን? ከቦርሳዬ የቆሎ ፌስታሌን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«ብሉ። ጾም ነው» አልኳቸው።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ አልዋሸሁም። ከዚያ ወዲህ በሌለሁበት «ቆሎዋ» እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ። ገንዘብ እስካላስወጣኝ ድረስ ከቅጽል ስም ጋር ጠብ የለኝም።

ዕዳው ከየት መጣ ቢባል ከተዝካር ነው የመጣው። እናቴ ስትሞት እኔ ድሬዳዋ ነበርኩ፣ እሷ ደጋ አገራችን፤ በመካከላችን የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ አለ። ለቀብሯ አልደረስኩም። ያሞኘኝ ያ ጸጸት ነው። ዘመዶቼ «ለቀብሯ ያልደረሰች ልጅ ለተዝካሯ እንኳ ትድረስ እንጂ» ሲሉኝ ከማኅበሩም ከሰውም ተበድሬ ሄድኩና በአርባኛው ቀን ሁለት በሬ አሳረድኩ። ድንኳን ተተከለ፣ ጠላ በጋን ተደረደረ። እናቴ በሕይወቷ በዓመት ሁለቴ ሥጋ ከቀመሰች ብዙ ነው፤ በስሟ ግን አገሩ ሁሉ አጥንት ሲግጥ ዋለ። ሦስት ጊዜ ወጥ ሲጨመርለት በዓይኔ ያየሁት አንድ ዘመዳችን አፉን እየጠረገ ከድንኳኑ ሲወጣ «ጠላው ቀጥኗል። የበረሃ ልጅ ምን ታውቃለች!» ሲል ሰማሁት።

ያንን የቀጠነ ጠላ አራት ዓመት ከፈልኩት።

ዕዳው ሲያልቅ ኑሮዬን አልለወጥኩም። ለአበዳሪዎቼ እሰጥ የነበረውን በየወሩ ባንክ አስገባው ጀመር። ሰበቡ አባቴ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሰው የሚለየው በድምፅ ነው፤ ደጃፉን የሚያገኘው ግድግዳ እየዳሰሰ። እዚህ አምጥቼ ላሳክመው፣ የሚተርፈኝን ደግሞ ዳግመኛ አበዳሪ ደጅ እንዳልቆም ላኖረው ቆርጬ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ቀፊራ ገበያ የምወርደው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጫትም ከተማ ይገባል፤ አትክልት ሻጩ ሁሉ ልቡ ቤቱ ነው። ጠዋት በቲማቲም ላይ አንድ ብር አልቀንስም ብሎ የማለ ሰው በዚያ ሰዓት «አቦ፣ አንሺውና ገላግይኝ!» ይላል። በማለዳ ሄደው እንደ ሎሚ የተደረደረውን በውድ የሚገዙትን የመሥሪያ ቤት ወይዛዝርት ሳይ አዝንላቸው ነበር። ያው ቲማቲም ነው፤ ድስት ውስጥ ሲገባ የጠዋት የቀትር ብሎ ነገር የለውም። ስመለስ ባጃጅ አልይዝም። ዘንቢሌን ተሸክሜ በደቻቱ ድልድይ ላይ በእግሬ አቋርጣለሁ። ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን ይነፉብኛል፤ እኔ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ።

ቬንትሌተር አለኝ። ዕዳ ውስጥ ሳልገባ የገዛሁት ነው፤ አቧራ እንዳይገባበት የአልጋ ልብስ ቁራጭ ሰፍቼ አልብሼዋለሁ። የመብራት ቆጣሪው ሲሽከረከር ሳይ ልቤ አብሮ ስለሚሽከረከር አላበራውም። ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ፣ የከተማው ተወላጅ የሆነች ሙስሊም ነጋዴ፣ በገባች ቁጥር ሳትነካካኝ አትወጣም።

«አቦ፣ ይሄ ሰውዬ እንደተከናነበ ሊሞት ነው?»

«አልሞቀኝም።»

«ወላሂ እኔ እዚህ ተወልጄ ሞቆኛል፣ አንቺ ከብርድ አገር መጥተሽ አልሞቀሽም?»

ይህ ከተማ «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለሽማግሌውም ለሹሙም «አንተ» ነው። መጀመሪያ ስመጣ እንደ ብልግና ቆጥሬው ነበር። ኋላ ሳስበው ግን አገሬ ላይ እየጎነበሱ «አንቱ» ካሉኝ ሰዎች ውስጥ ሳይጠይቀኝ ጤፍ ያበደረኝ አንድም የለም። ይህችው «አንቺ» የምትለኝ ሴት ግን ሁለት ጊዜ አበድራኛለች።

ስህተቴ አንድ ነው፤ ሁለት ዓመት የደበቅኩትን ዕዳዬን መጨረሴን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ደስ አለው። ደስታው ደግሞ አፉን አስከፈተውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ «ልጄ የሰው ገንዘብ የለባትም» ብሎ አወራ። እኛ አገር «ዕዳ የለባትም» ማለት «ገንዘብ አላት» ማለት ነው። ሰንበቴ ሳይነሣ ወሬው አጎቴ ጆሮ ደረሰ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጤንነቴን ጠይቆ የማያውቅ ሰው በዚያው ሳምንት ደወለ።

«አንቺ ልጅ፣ በረሃው አልበላሽም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ምን ደህና አለ። እናትሽ በሕልሜ እየመጣች እንቅልፍ ነሣችኝ።»

«ምን አለችዎት?»

«ሰባተኛ ዓመቴ ደረሰ፣ ተረሳሁ እያለች ታለቅሳለች።»

«ስንት በሬ ይታረድልኝ አለች?»

ሳያፍር «እሷስ ቁጥር አልነገረችኝም። ግን ከአንድ ቢያንስ እኛ እናፍራለን» አለኝ።

እናቴ በሕይወት ሳለች ዶሮ ሲታረድ ክንፍና አንገት ለራሷ አስቀርታ ፈረሰኛውን ለሰው የምትሰጥ ሴት ናት። ሞታ ከሰባት ዓመት በኋላ በሬ አማራት ቢሉኝ ማን ይሙት አምናለሁ? በሬው ያማረው ማን እንደሆነ ግን ለማወቅ ሕልም ፈቺ አላስፈለገኝም።

እንዲያም ሆኖ ፈራሁ። የሙት ነገር ያስፈራል። የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። «ፍትሐቱንና ቅዳሴውን እኛ እናደርሳለን። አንቺ ደግሞ ለነዳያን የምትችይውን አብዪ። ለእናትሽ የሚደርሳት ይሄው ነው» አሉኝ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ደግሞ «ዘመዶችሽ ግን መቀየማቸው አይቀርም» ብለው ጨመሩ።

«ሲቀየሙ ስልክ አይደውሉም አባታችን። እሱም ቁጠባ ነው» አልኳቸው። ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑት።

የከበደኝ አባቴ ነው። ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ገንዘቡ የአንተ ዓይን ነው አባዬ። በሬ ከሆነ ዓይን አይሆንም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ባለፈውም ጠላው ቀጠነ ነው ያለው።»

«የእናትሽ ነገርስ?»

«ቅዳሴዋን እዚህ አስቀድስላታለሁ። ነዳያንም አበላለሁ።»

ስለ ሌላ ነገር እንደሚያወራ ሰው፣ «ትናንት ከቤት ስወጣ የጎረቤቱን ውሻ ረገጥኩት። ደጃፉ ላይ ተኝቶ ኖሯል» አለኝ።

እሺታው ይህ ነበር።

የእናቴ ሰባተኛ ዓመት በዋለበት ቀን ዳቦ ጋግሬ፣ ንፍሮ ቀቅዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰድኩ። ጎረቤቴ አንድ ካርቶን ቴምር ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ሥጋ አይደለም፣ አትደንግጪ አቦ። ከእኔ ብለሽ ስጪልኝ» አለች። በዚያ ቀን ከበሉት ውስጥ ስለ ጠላ ያነሣ የለም፤ ሁሉም «ነፍስ ይማር» ብለው ነው የተነሡት። ከአገር ቤት ግን አጎቴ «በንፍሮ ሸኘቻት» ብሎ እንዳማኝ ሰማሁ። እሱ በሬውን ከራሱ በረት አውጥቶ ቢያርድ የሚከለክለው አልነበረም። ሁለት አለው።

አባቴን አንድ የመንደራችን ሰው አዲስ አበባ ድረስ አመጣልኝ፤ ከዚያ እኔ ተቀበልኩት። ድሬዳዋ ስንገባ ሙቀቱ ደጋ ለኖረ ሰው እሳት ነበር። ጋቢውን አውልቆ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠ፤ ላቡ በጺሙ ላይ ይወርዳል። ቀን ቀን በሰሌን ማራገቢያ አራግብለታለሁ።

«እንዲህ ያቃጥላል እንዴ አገሩ?»

«ድሬ እንዲህ ነው አባዬ። ምን ይደረጋል።»

ምን ይደረጋል! ቬንትሌተሩ ከጎኑ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል። እሱ አያየውም። ሕክምናው ስንት እንደሚጨርስ ስለማላውቅ ለጥቂት ቀን መታገሥ ይቻላል ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። አጎቴን በፈጠረው ሕልም ስንቀው የከረምኩት ሴት እኔ ነኝ።

ቀዶ ጥገናው በግራ ዓይኑ ተጀመረ፤ ሰላም ሆነ። በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታለትና ወደ ቤት አመጣሁት። ደጃፉ ላይ ቆሞ እኔን አየኝ፤ ብዙ አየኝ። እጁን ዘርግቶ ነጠላዬን ያዘና ጥለቱን ዳበሰ።

«ይቺ እናትሽ የሰጠችሽ አይደለችም? ያኔም አሮጌ ነበረች።»

«ገና ታገለግላለች» አልኩት።

ገባና ተቀመጠ። ቤቱን በአዲሷ ዓይኑ ዞረበት፤ አልጋዬን፣ ምድጃዬን፣ ባዶውን ግድግዳ። በመጨረሻ የአልጋ ልብስ የለበሰው ነገር ላይ ቆመ።

«ይሄስ? ሰው ነው የተከናነበው?»

«ቬንትሌተር ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ነፋስ ይሰጣል።»

አባቴ ላቡን በመዳፉ ጠረገ። «ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም።»

ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ለዚያ ዓይን ሁለት ዓመት በቀትር ፀሐይ ቀፊራ ወርጃለሁ፣ ከአጎቴ ተቀያይሜበታለሁ፣ ቆሎዋ ተብዬበታለሁ። አሁን መጀመሪያ ያየው የእኔን ንፉግነት ነው።

«ዕዳ የለብኝም አላልሽኝም እንዴ ልጄ?» አለኝ።

ተነሥቼ ልብሱን ከቬንትሌተሩ ላይ ገፈፍኩት። ስሰካው ለረጅም ጊዜ ስላልሠራ አቃሰተ፣ ከዚያ ዞረ። ነፋሱ የአባቴን ጺም ነካው፤ ዓይኑን ለመጨፈን ግን አልፈለገም። ከግድግዳው ማዶ ጎረቤቴ ድምፁን ሰማች መሰለኝ፣ «ያ አላህ! ሰውዬው ተነሣ!» ብላ ጮኸች።

የቆጣሪውን ድምፅ ላለመስማት ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ።