አንዴ ብቻ ጠየቅኳት

እናቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት አምቦ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ለማስተርስ ትምህርት ወደ ፖላንድ ልሄድ ነበር፤ እሷ ሚኒባሱ እስኪሞላ መስኮቱን ይዛ ምክር ታበዛለች። «ሰው ቤት ስትገቢ እንደ ካቺሲው እንዳታዋርጂኝ» አለችኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሴት ነበርኩና በጣም ተናደድኩ።

የካቺሲው ነገር የሆነው ሰባት ዓመት ገደማ ሳለሁ ነው። ካቺሲ ከተማ አጎቷ ቤት ለጥየቃ ሄደን ጭኮ ቀረበ። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት አይቼ መታገስ አልችልምና «ብዪ» ሲሉኝ ወዲያው እጄን ሰደድኩ። እናቴ በነጠላዋ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ከዚያ «በልተን ነው የመጣን» አለች። ሁለተኛ ሲለምኗት «ላኪሲ፣ ተዉት፣ አትቸገሩ» አለች ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅላ። ሦስተኛ «በሞቴ!» ሲሏት ተጠግታ ከእኔ የበለጠ በላች። ወደ ቤት ስንመለስ የመጀመሪያው እምቢታ የጨዋነት እንደሆነ፣ ሁለተኛው ጋባዡን ለማክበር እንደሆነ፣ በሦስተኛው እንደሚበላ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ተሳስቼ አላውቅም።

ይሄንኑ ይዤ ፖላንድ ገባሁ። በዶርሙ ወጥ ቤት የምንጋራ የአገሩ ልጅ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሱቁንም ቋንቋውንም ስላልለመድኩት ከቤት በያዝኩት በሶ ነው የኖርኩት። እሑድ ቀትር ላይ ሾርባ ሠርታ «ትበያለሽ?» አለችኝ። «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩና ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመርኩ። «እሺ» ብላ ድስቱን ከደነችው። በሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው። የማትለብሰው ወፍራም ካፖርት ነበራት፤ «ውሰጂው» ስትለኝ «ኧረ አያስፈልግም» አልኳት፣ በማግስቱ ለሌላ ሰው ሰጠችው። ያን ክረምት በአምቦ ጃኬቴ እየተንቀጠቀጥኩ ስመላለስ የረገምኳት እርግማን ቢደርስባት ኖሮ ዛሬ በሕይወት አትኖርም ነበር።

አንድ ቀን በሶዬን ስበጠብጥ አይታ ለምን ሾርባዋን እንደጠላሁት ጠየቀችኝ። አፍሬ የእናቴን ሕግ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ ተቆጣች። «እና እምቢ ስትዪኝ ትዋሺኝ ነበር? እኔ እኮ አምኜሽ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ለመድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወዲያው «አዎ፣ እፈልጋለሁ» ስል ፊቴ ቀላ፣ ሁለተኛው ቀለለኝ፣ በዓመቱ ጨርሶ ተመቸኝ። ከአገር ቤት አዲስ የመጡ ልጆች ሻይ ሲቀርብላቸው ሲግደረደሩ እያየሁ እስቅባቸው ነበር። ሰው የሚለውን ከልቡ ማለት አለበት እያልኩም እሰብካለሁ። ሠልጥኛለሁ ብዬ ነበር፤ መሠልጠን እንዲህ ከሆነ አፈር ይብላው።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ታመመች። መጀመሪያ ጨጓራ ነው አሉ፣ ቀጥሎ ስሙን በስልክ መጥራት የማይፈልጉት ነገር ሆነ። አስተማሪዬ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ሰጠኝ። የቲኬቱንም ነገር አጣርቼ ጨርሼ ነበር። ደወልኩና «እማዬ፣ ልምጣ ወይ?» አልኳት።

«ላኪሲ ልጄ! ምን ሆንኩ ብለሽ? ፈተናሽን ተፈተኚ፣ እኔ ደህና ነኝ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት።

እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም፤ ቀለለኝ። ፈተናው ተቃርቦ ነበር፣ መንገዱ ሩቅ ነበር፣ እሷም በገዛ አፏ ተዪው ብላኛለች። በየቀኑ ግን እደውል ነበር። አንድ ቀን «አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችኝ፤ እንደ ተማሪ ሰዓቱን ቆጥሬ ነገርኳት። ሌላ ቀን «አሁን እዚያ ትምህርት አይዘጋም?» አለችኝ፤ የሚዘጋበትን ወር ነገርኳት። «ልምጣ» የሚለው ቃል ግን ሁለተኛ ከአፌ አልወጣም።

ፈተናውን በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን በከተማው የማውቃቸው ሁለት አበሾች ሳልጠራቸው በጠዋት በሬን አንኳኩ። መርዶ ይዘው እንደመጡ ገባኝ። ተቀብራ ሰባት ቀን አልፏት ነበር፤ ቤት ያሉት ስደውል «ተኝታለች» እያሉ፣ ፈተናዬ እንዳይበላሽብኝ ደብቀውኝ ነው።

ዲግሪውን ይዤ አምቦ ከተመለስኩ ዓመታት አልፈዋል። ጊንጪ ያለ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እየተመላለስኩ እሠራለሁ፤ ዲግሪው ለምን እንደጠቀመኝ የሚጠይቀኝ የለም፣ እኔም አላውቀው። የተመለስኩ ሰሞን እናቴን ያስታመመቻት ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ መጣች። ምግብ አቀረብኩላት፤ «በልቻለሁ» አለች። «እሺ» ብዬ ሳህኑን አነሳሁት። ፊቴን አየችውና በኦሮምኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች፤ ከዚያ ወደ አማርኛ መለሰችው።

«እናትሽ እኮ ገብስ አስቆልታ፣ አስፈጭታ ነበር፤ ስትመጪ ጭኮ ልትሠራልሽ። ‹እምቢ አልሻት አይደል፣ ማን ይመጣልኛል ብለሽ ነው?› ብላት ሳቀችብኝ። ‹አንዴ እምቢ አልኳት እንጂ፤ ደግማ ትለምነኛለች፣ ያኔ እሺ እላታለሁ› አለችኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቀና አድርጊኝ ትለኝ ነበር።»