ጣሳ ከተሰቀለበት ማዶ

ጋሼ የምንላቸው አጎቴ መጠጥ ከተዉ ወዲህ በጠላ ቤት ደጅ አያልፉም ነበር። በሩ ላይ የተሰቀለውን ጣሳ ከሩቅ ሲያዩ «እግሬን አላምነውም» ብለው ይሻገራሉ። ልጄንም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ቤት የሚወስዱት እንደዚያው እየተሻገሩ ነበር።

እሳቸው ባረፉ በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ትቶት የነበረውን መጠጥ ቀምሶ መጣ። በቃ፣ ፈራሁ። ቅዳሜ ራሴ ይዤው ወጣሁ። ቤቱን አላውቀውም፤ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው። ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ጣሳ ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ክንዱን ጨብጬ ያዝኩት።

«ልቀቂኝ፣ እማዬ።»

«የት ልትሄድ?»

«ጋሼ እዚህ ጋ ነው የሚሻገሩት።»

ተሻገርን። ቤቱ ስንገባ ወንበራቸው ባዶውን ነበር፤ ልጄ አጠገቡ ተቀመጠ።

ጋሼ፣ ያን የማያምኑትን እግርዎን ተከትለን ደረስን። እግዜር ነፍስዎን ያሳርፍልን።