አክስቴ ያነጠፈችው ጨርቅ

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችው አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት "ዕቃ አጣቢ ነኝ" ትላለች። ማጠቡንስ ታጥባለች፤ ግን የባክቴሪያውን ምግብ የምትቀምመው፣ ሳህኖቹን የምታሰናዳው፣ ያለቀውን ሁሉ ቀቅላ የምትደፋውም እሷው ናት። "ዕቃ አጣቢ" የምትለው ሰው ሌላ ጥያቄ እንዳያስከትል ነው። ወሬ አትወድም።

የላብራቶሪው ሰዎች "እትዬ ጥንቃቄ" ይሏታል። ስሙ ግማሹ ፍቅር ነው፣ ግማሹ ምሬት። ጓንት አጥልቆ የበር እጀታ የነካ፣ ጠርሙስ ላይ ቀን ሳይጽፍ የሄደ ሰው ከምላሷ አያመልጥም። እኛ ቤት ስትመጣም መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ነው። እኔ ያጠብኩትን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንስታ ታየዋለች፤ ከዚያ ደግማ ታጥበዋለች። ስንት ጊዜ ደሜን እንዳፈላችው የማውቀው እኔ ነኝ።

አባቴ የወለል ንጣፍ ሠራተኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት በጉልበቱ እየዳኸ የሰው ወለል ሲያሳምር የራሱ የቀኝ ጉልበት አለቀ። ሐኪሞች የብረት ጉልበት ተከሉለት፤ አንድ ዓመት እንደ ልቡ ሄደበት። ከዚያ ጉልበቱ ማበጥ፣ መጋል፣ መግል ማውጣት ጀመረ። ሁለት ጊዜ ከፍተው አጠቡት። መድኃኒት ሲወስድ ሻል ይለዋል፣ ሲያቆም ይመለስበታል።

ነገሩን አክስቴ ያስረዳችኝ በባልዲ ነው። ውኃ ብዙ ቀን የተቀመጠበትን ባልዲ ውስጡን ብትዳስሺው ያሙለጨልጭሻል አይደል፣ አለችኝ። ባክቴሪያም ብረት ላይ ሲያርፍ እንደዚያ ያለ ልጋግ ይሠራና ከሥሩ ይደበቃል። መድኃኒቱ ላይ ላዩን ይገድላል፤ ከሥር ያለውን አያገኘውም። ሥጋ ቢሆን ደም ይደርስለታል፣ ይታገላል። ብረት ግን በድን ነው፣ የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳል።

የእሷ ቡድን ደፋ ቀና የሚለው ለዚሁ ነበር፦ ባክቴሪያ የማይዘው ብረት ለመሥራት። የሚመሩት ሦስት ናቸው። ለብረቱ ልዩ ቅብ የፈለሰፈው መሐንዲስ፣ ባክቴሪያ የምታጠናው የላብራቶሪው ኃላፊ፣ እና የአባቴ ሐኪም የሆነው የአጥንት ቀዶ ሐኪም። አክስቴ እንደምትለው ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ እንጂ አንዱ የሌላው ሥራ አይገባውም። መሐንዲሱ ስለ ባክቴሪያ ሲወራ ስልኩን ያያል፤ ኃላፊዋ ስለ ብረት ሲወራ ታዛጋለች፤ ሐኪሙ ሁለቱንም "መቼ ነው የሚያልቀው?" ይላቸዋል። የሦስቱም ዕቃ የሚያልፈው ግን በአክስቴ እጅ ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። የሳንቲም ያህል ክብ ብረቶች አሉ፤ ግማሾቹ የተቀቡ፣ ግማሾቹ ያልተቀቡ። ባክቴሪያ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይሰነብታሉ። ከዚያ ይለቀለቁና ንጹሕ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባሉ፤ ጠርሙሱም በድምፅ ሞገድ የሚንቀጠቀጥ የውኃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። ገንዳው ብረቱ ላይ የተጣበቀውን ያራግፋል። የተራገፈው ሳህን ላይ ይፈስና በማግሥቱ የበቀለው ይቆጠራል። ካልተቀቡት የመጣው ሳህኑን ሞልቶት ያድራል። ከተቀቡት የመጣው ሳህን ባዶ። ዘጠኝ ጊዜ ሞከሩት፣ ዘጠኝ ጊዜ ባዶ። መሐንዲሱ በደስታ አክስቴን አቅፎ ሳማት፤ እሷም ጓንቱን እንዳላወለቀ ነገረችው።

ቅቡ ሰውነትን እንደማይጎዳ አስቀድሞ ተረጋግጦ ስለነበር ሌላ መላ ላጡ ሦስት ሕሙማን እንዲሞከር ተፈቀደ። የመጀመሪያው አባቴ ሆነ። አሮጌው ብረት ይወጣል፣ በዚያው ሰዓት የተቀባው ይገባል። ሐኪሙ አልሸሸገንም፤ ይህ ካልሆነ የሚቀረው እግሩን ከጉልበት በላይ መቁረጥ ነው አለን። ቀኑ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተባለ።

ነገሩ የተበላሸው ሰኞ ነው፤ ወይም መበላሸቱ የታወቀው። አክስቴ ቆጠራቸው ያለቀውን ብረቶች የተረፈ የባክቴሪያ ምግብ ባለበት ማሰሮ እየጨመረች፣ በዚያው ቀን በእንፋሎት መቀቀያው ቀቅላ ትደፋቸው ነበር። ዓርብ ዕለት መቀቀያው ተበላሸና ማሰሮዎቹ ሳይቀቀሉ ቅዳሜና እሑድን ቆዩ። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ያልተቀቡት ያሉበት ማሰሮ ደፍርሷል። ይህ የሚጠበቅ ነው። የተቀቡት ያሉበትም ደፍርሷል። ይህ ግን አይጠበቅም። ባክቴሪያ የለባቸውም የተባሉ ብረቶች ናቸው።

ከአየር ገብቶ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። የተቀቡት ካሉበት ማሰሮ ትንሽ ቀድታ ሳህን ላይ ቀባችና ሙቀት ሰጪው ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ለማንም አልተናገረችም። ያን ቀን ከሥራ በኋላ ቤታችን መጥታ ነበር። አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ ቦርሳውን አዘጋጅቶ፣ ሲድን የትኛውን ወለል ለማን እንደሚጨርስ ያወራል። አክስቴ ብርጭቆዎቹን እንኳ አልነካችም። ምን ሆነሽ ነው ስላት ደክሞኛል አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሳህኑ ላይ ወርቃማ ነጠብጣቦች በቅለው አገኘቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ያየችውን መልክ አትስተውም፤ ራሱ ነው፣ በሙከራው የገባው ባክቴሪያ። ብረቱ ላይ ነበረ ማለት ነው። ታዲያ ገንዳው ለምን አላራገፈውም? እዚህ ላይ ገንዳው ውስጥ ያነጠፈችው ጨርቅ ትዝ አላት።

የተቀቡት ብረቶች ገንዳው ውስጥ ሲንገጫገጩ ቅቡ ይጫራል ብላ ሰግታ፣ ለእነሱ ብቻ ከጠርሙሱ ሥር ወፍራም ጨርቅ አጥፋ ታነጥፍ ነበር። ያልተቀቡት ተራ ብረት ስለሆኑ አላነጠፈችላቸውም። ጨርቁ ሲነጠፍ መንገጫገጩ ቀጥ ይላል፤ እሷም ሰላም አገኘች። ማንም አላዘዛት፣ ማንም አላየ፣ የትም አልተጻፈ። እሷ ካልሆነች በቀር ይህን የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ የለም።

ገንዳውን የሚጠግነው ሰው አንድ ጊዜ ያሳያትን ሞከረች። ምግብ ከሚጠቀለልበት ፎይል ቁራጭ ቀድዳ ያለ ጨርቅ ገንዳው ውስጥ ስትይዝ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ጨርቁን አንጥፋ ሌላ ቁራጭ ያዘች፤ እንዳለ ወጣ። ጨርቁ ሞገዱን ይውጠዋል። ባክቴሪያው ከተቀቡት ላይ ጠፍቶ አይደለም፤ ሳይራገፍ እዚያው ተጣብቆ ነው።

ሁለቱን ፎይሎች በአንድ እጇ፣ ሳህኑን በሌላው ይዛ ኃላፊዋ ቢሮ ገባች። መሐንዲሱም እዚያ ነበር። ኃላፊዋ ሁሉንም ሰምታ ሁለቱን ፎይሎች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

"ይህን ለሌላ ሰው ነግረዋል?" አለቻት።

"መጀመሪያ ለእርስዎ ነው። ቀጥዬ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። ወንድሜ ነገ ጠዋት ነው የሚገባው።"

መሐንዲሱ ስድስት ዓመት የለፋበት ነገር ነውና ተቆጣ። አንድ ማሰሮ ደፈረሰ ተብሎ ሁሉ አይፈርስም፣ ሙከራው ይደገም፣ ቀዶ ሕክምናው ግን ይቀጥል፣ ቅቡ ቢያንስ አይጎዳውም አለ። አክስቴ መለሰችለት። መግል ካለበት ጉልበት አሮጌውን አውጥቶ ወዲያው አዲስ ለመትከል የተደፈረው ቅቡን አምነው ነው፤ ቅቡ ካልሠራ አዲሱ ብረት ለባክቴሪያው አዲስ ቤት ነው። ኃላፊዋ ከዚህ በኋላ ራሷ ስልኩን አንስታ ሐኪሙ ዘንድ ደወለች።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ለቤተሰቡ መሣሪያ ተበላሽቶ ቀኑ ተራዘመ እንላቸዋለን፣ አንቺን ማንም አያነሳሽም ብሏት ነበር። እንቢ አለች። ማክሰኞ ከሰዓት ቤታችን መጣች፤ ቁጭ በይ ብንላትም ቆማ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችን። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

"ነገ የለም ማለት ነው?"

"የለም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ግን ደረጃው ድረስ ተከተልኳት፤ ያልኩትን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ያንን ጨርቅ ስታነጥፊ ምነው እጅሽን በሰበረው አልኳት። ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትመጪ፣ ማየት አንፈልግም አልኳት። የደረጃውን ብረት ይዛ ቀስ እያለች ወረደች።

ሙከራው ያለ ጨርቅ ተደገመ። የተቀባውም ያልተቀባውም ሳህኑን ሞልቶት አደረ። ይህን የሰማሁት ከሐኪሙ ነው፤ አክስቴ እንዳልኳት መምጣት ትታለች። አባቴ በነጋ በጠባ "እህቴ የት ጠፋች?" ይለኛል። ሥራ በዝቶባት ነው እለዋለሁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አልኩት።

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳቱ ከፍ ብሎ መቃዠት ጀመረ፤ ሆስፒታል ይዤው ሮጥኩ። እዚያ ልቡ ተመለሰ፤ ሐኪሙ ግን የደሙን ውጤት ካየ በኋላ እግሩ ዛሬውኑ ካልተቆረጠ ነገን አልተማመንም አለኝ። አባቴ አልፈርምም አለ። ባለፈው ሳምንት ይድናል ያላችሁትን እግር ነው ዛሬ የምትቆርጡት፣ በሚቀጥለው ደግሞ ምን ልትሉ ነው አላቸው። ሐኪሙ ለመነው፣ ነርሷ ለመነችው። እኔ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ ትቆረጥ በምላት በዚያችው እግር ላይ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። በመጨረሻ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

"እህቴን ጥሪልኝ" አለኝ።

ስልኩ ገና አንዴ እንደጠራ አነሳችው። የት ክፍል እንደሆነ ብቻ ጠይቃኝ ዘጋች። የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች እያለከለከች ገባች፤ መጀመሪያ የሄደችው ግን ወደ እጅ መታጠቢያው ነው። ታጠበች፣ ታጠበች፤ እኔ ጨርቄን ልጥል ደረስኩ። ከዚያ የውጤቱን ወረቀት ከሐኪሙ ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበች፣ የአጥንቱን ፎቶ ወደ መብራቱ አንስታ አየች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ደምህ ውስጥ ገብቷል" አለችው።

"ብረቱን ብቻ ቢያወጡትስ?"

"አጥንቱም ተበልቷል። አሁን አየሁት።"

"አንቺ ብትሆኚ ታስቆርጫለሽ?"

"ዛሬውኑ።"

አባቴ እጁን ዘረጋ። ብዕሩን ነርሷ ሰጠችው፤ ወረቀቱን አክስቴ ያዘችለትና ፈረመ። እኔ በዚያ ሰዓት እንኳ ቅናት ያዘኝ። እኛ ስንለምንህ እንቢ ብለህ አልኩት።

"አንቺማ እንድኖርልሽ ብለሽ የማትዪው ነገር የለም" አለኝ። "እሷ ግን ልጠላት እንደምችል እያወቀች ነገረችኝ።"

አልጋውን እየገፉ ወሰዱት። በሩ ተዘጋ፣ ሁለታችን መተላለፊያው ላይ ቀረን። እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉን ታያለች። እኔ የደበቅኳት አንድ ነገር ነበር። ባልናገረው ማንም አያውቅም ነበር፤ ይህንንም አሰብኩት፣ አልዋሽም።

"እንዳትመጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አልኳት። "እሱ አላለም። በየቀኑ የት ጠፋች ሲለኝ ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ በወደድኩ።

"እኔ እኮ እሱ ነው ብዬ..." አለችና መጨረስ አቃታት። አክስቴ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ይዣት እኔም አለቀስኩ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲወጣ አልሰማነውም፤ ተርፏል ብሎ ሁለቴ መድገም ነበረበት።