የአባቴ ፎቶና የመቶ ዓመቱ ቅብ

ያን ቀን ጭሮ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እናቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከቤታችን አጠገብ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ የፎቶ መከላከያ ቅብ ይዞ የመጣ ሻጭና እኔ። ሌላ ሰው አልነበረም። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ የያዘችው አባቴን ነበር። ከጭሮ ገለምሶ ይነዳው ከነበረው ሚኒባስ አጠገብ ቆሞ የተነሳው የቀለም ፎቶ ነው። ሌላ ፎቶ የለውም። ጡት ሳልጥል ስለሞተ እኔ የማውቀው ፊት ያ ብቻ ነው።

እናቴ ፎቶውን ለዓመታት ሳጥን ውስጥ፣ ከልብሶቿ ሥር ነበር የምታኖረው። ፎቶ ቤት የወሰድነው ጠርዙ መላጥ ስለጀመረ ቅጂ ለማውጣት ነው። ሻጩ ግን ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ነበር። ይህ ቅብ ከተረጨበት ፎቶውን ፀሐይም እርጥበትም አይደፍረውም፣ መቶ ዓመት ይቆያል አለን። ማኅተም ያለበት ወረቀትም አሳየን፤ ከላይ በትልቁ «የተፈተነ» ይላል።

«ማን ነው የፈተነው?» አልኩት።

«ፋብሪካው ራሱ ነዋ።»

«ታዲያ ሠሪውም ፈታኙም አንድ ነው?»

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ ልጅዎ መርማሪ ፖሊስ ሆኗል መሰለኝ።»

እናቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። በሰው ፊት ሰው ማሳፈር አትወድም። ሐጂም ፋብሪካን የሚያህል ነገር በውሸት ማኅተም አያደርግም ብለው ነገሩን አበረዱት። ቅጂውን ያስታወሰችው እህቴ ነበረች። ባለቤቱ «መቶ ዓመት ለሚቆይ ፎቶ ቅጂ ምን ያደርግላችኋል?» አለና ቅቡን ዋናው ፎቶ ላይ ረጨው።

እናቴ ደስ ብሏት ነበር። ተደብቆ የኖረውን ሰው አውጥታ፣ በመስታወት አድርጋ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀለችው። ከገበያ ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው እሱን ሆነ። የከሰዓት በኋላ ፀሐይም በዚያው በር ትገባለች።

መጀመሪያ ከፊቱ ላይ ቀዩ ሄደ፤ የታመመ ሰው መሰለ። ቀጥሎ ቅቡ ራሱ ቢጫ ሆኖ ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ሚኒባሱ አጠገብ የቆመው ሰው ፊት አልነበረውም። ቅቡን ከአንዱ ጥግ ላነሳው ሞከርኩ፤ ምስሉም አብሮ ተነሳ። ሳይደበዝዝ በስልኬ ያነሳሁት አንድ አለኝ፤ መስታወቱ ላይ ግን የራሴ ጥላ ልክ ፊቱ ላይ አርፏል።

ሻጩ ስንደውልለት «ማን ፀሐይ ላይ ስቀሉት አላችሁ?» አለ። ፀሐይ አይደፍረውም ያለን ሰው ነው ይህን የሚጠይቀው። ወረቀቱ ዛሬም ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሄጄ እስከ ታች አነበብኩት። ሙከራው የተደረገው በአዲስ ማተሚያ በታተሙ ፎቶዎች ላይ እንደሆነ በደቃቅ ፊደል ይናገራል። የአባቴ ፎቶ በኬሚካል የታጠበ የድሮ ወረቀት ነው። በምን ብርሃን እንደፈተኑ፣ በመስታወት ይሁን ያለመስታወት፣ አይልም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ለራስ ሲፈትኑም እንደዚያው ነው።

በኋላ ሳነብ፣ ሳይሸጡ የሚፈትኑ ሰዎች እንዳሉ አወቅሁ። ቅቡ ቢሸጥም ባይሸጥም የሚቀርባቸው ነገር የለም። የትኛውን ወረቀት፣ የትኛውን ቀለም፣ በምን ብርሃን እንደሞከሩ ይጽፋሉ፤ ያልጠቀመውንም አልጠቀመም ይላሉ። እኔ የማምነው «አልጠቀመም» ለማለት የሚችለውን ነው።

ይህን ለሐጂ ነገርኳቸው። «እርስዎ ጨርቅ ሲገዙ የሠሪውን ወረቀት አይተው ነው?» አልኳቸው።

«ወላሂ አላደርገውም። ጫፉን በውሃ አርሼ በነጭ ጨርቅ እፈትገዋለሁ። ቀለሙን ከለቀቀ ይመለሳል።»

«የአባቴን ፎቶስ?»

«ሰው የማያውቀውን ያምናል፣ ልጄ» አሉኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን የእናቴ ነው። «እኔው ነኝ ፀሐይ ላይ ሰቅዬ ያጠፋሁት» ትላለች። የዋሸው ሌላ ከተማ ጠርሙሱን ደርድሯል፤ የምትጸጸተው ያመነችው ናት።

አሁን ምስሉን በኮምፒውተር ለመመለስ እየሞከርኩ ነው። ያልነበረ ነገር ግን አልጨምርበትም። እናቴ ፈገግ ብሎ ነበር ትላለች፤ እህቴ ኮስተር ብሎ ነው ትላለች። እኔም ፈገግ ያለ ይመስለኛል፤ ግን ልጁ ነኝ፣ ፈገግ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። እኛ ሦስታችን ስለዚህ ፊት ለመመስከር አንሆንም።

ስለዚህ ሐጂ፣ አንተም ባለ ፎቶ ቤት፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ አንተም ሻጩ፦ ፎቶው ንጹሕ ሳለ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብላችሁታል፤ ከፊቱም የምታተርፉት ነገር የለም። ፈገግ ብሎ ነበር? የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል? ጉንጩ ላይ ጠባሳ ይታይ ነበር? በየትኛው በኩል? ያላስታወሳችሁትን አላስታውስም በሉኝ። እርስ በርሳችሁ ግን አትመካከሩ፤ ለየብቻ ንገሩኝ።